ደም በዝቶ «ደም ማነስ» እንዴት ይሆናል? እርግዝናና የብረት ሒሳብ

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለ፣ ስድስተኛ ወሯ ላይ ከቅድመ ወሊድ ክትትል ብጣሽ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ወረቀቱ ላይ «ሄሞግሎቢን 10.4» ይላል። «ደምሽ ወረድ ብሏል፤ ኪኒኑን በየቀኑ ዋጪ» ተብላለች። ቤት ውስጥ ወዲያው ግርግር ሆነ። እናታችን ቀይ ሥር ልትገዛ ጉሊት ወጣች። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን «ደም ማነስ ከሆነማ ጨው በዛ አድርገሽ ብዪ» ብላ መከረች። እኔ ደግሞ የመሐንዲስ ነገር፣ ቁጥሩን አይቼ «አሃዱ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አልመለሰልኝም።

እህቴ አዲሱን ኪኒን ልታስቀምጥ የቡፌውን መሳቢያ ስትከፍት ግን ባለፈው ክትትል የተሰጣት እሽግ እዚያው ቁጭ ብሏል። ከ30 ፍሬ የጎደለው ሦስት ብቻ ነው። «ያቅለሸልሸኛል፤ ደግሞ ምንም አልሆንኩም» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማጠናው ኬሚካል ምህንድስና ነው፤ ሥራዬ ታንክ ውስጥ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ እያሉ ማስላት ነው። ስለ እርግዝና ደም ማነስ ማንበብ ስጀምር ታዲያ የማውቀው ዓይነት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። እስኪ አብረን እናስላው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል

«ደም ማነስ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጎዶሎ እንስራ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ያለው ደም የቀነሰ ይመስለናል። ጎረቤታችን ጨው ያዘዘችውም ደም ማነስንና የደም ግፊት ማነስን አንድ አድርጋ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ግፊት ደም የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ደም ማነስ የሚባለው ግን ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ ሲሳሳ ነው። ጨው ለዚህ ምንም አያደርግም።

ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይባላል። በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ታጭቆ የሚኖር ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት የብረት አተሞች አሉት፤ ኦክስጅን ሳንባ ውስጥ ተሳፍሮ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነው። ብረት ከሌለ ወንበር የሌለው ሚኒባስ በሉት።

አሃዱን በተመለከተ፣ በኋላ እንዳወቅኩት 10.4 ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 10.4 ግራም ሄሞግሎቢን አለ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር በሰውነት ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ጠቅላላ ድምር አይነግረንም። የሚነግረን ደሙ ምን ያህል እንደወፈረ ወይም እንደቀጠነ ነው። ወጥ ውስጥ ውኃ ጨምራችሁ ብታቀጥኑት በርበሬው አልቀነሰም፤ በጭልፋ ስትቀምሱት ግን ያነሰ ይመስላል።

እርግዝና ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። አንዲት ሴት ከማርገዟ በፊት 4 ሊትር ደም አላት፣ ሄሞግሎቢኗም 13 ነው እንበል። ስናባዛው 520 ግራም ሄሞግሎቢን ይመጣል። ስታረግዝ ፈሳሹ የደም ክፍል፣ ማለትም ፕላዝማው፣ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ቀይ ሕዋሳቱም ይጨምራሉ፤ ግን ከመቶ ከ20 እስከ 30 እጅ ብቻ። በመጨረሻ ደሟ ወደ 5.6 ሊትር ይደርሳል፤ ሄሞግሎቢኗ ደግሞ ወደ 650 ግራም። አካፍሉት፦ 11.6 ይሆናል። ይህች ሴት ከበፊቱ 130 ግራም ተጨማሪ ሄሞግሎቢን አላት፤ የመለኪያው ቁጥር ግን ከ13 ወደ 11.6 ወርዷል። ደህና ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት የነፍሰ ጡርን ወሰን ለብቻው ዝቅ ያደረገው ለዚህ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከ11 በታች፣ በመሃከለኞቹ ሦስት ወራት ደግሞ ከ10.5 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል።

መቅጠኑ ራሱ ጥቅም አለው። ቀጭን ፈሳሽ በጠባብ ቱቦ ውስጥ በቀላሉ ይፈሳል፤ በእንግዴ ልጁ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ውስጥ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈስም ከቀጠነ ደም የሚጠፋው ቀይ ሕዋስ ያነሰ ነው።

አሁን ሌላኛውን ሁኔታ እናስላ። ያቺው ሴት ፕላዝማዋ እንደተለመደው ጨመረ፤ ነገር ግን አዲስ ቀይ ሕዋስ የምትሠራበት ብረት አጣች። ደሟ 5.2 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ሄሞግሎቢኗ ግን ያው 520 ግራም ላይ ቆመ። ውጤቱ 10 ነው። ደሟ ከእርግዝናዋ በፊት ከነበረው ከአንድ ሊትር በላይ በዝቷል፤ ደም ማነስ ግን አለባት። የእህቴ 10.4 ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አንዲት የወረቀት ክሊፕ

ከላይ ያሰላናት ሴት የጨመረችው 130 ግራም ሄሞግሎቢን ስንት ብረት ይፈልጋል? አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ውስጥ 3.4 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ስላለ 440 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለፅንሱና ለእንግዴ ልጁ ወደ 300 ጨምሩበት፤ ሰውነት በየቀኑ ሊያስቀረው የማይችለውን ጥቂት ብክነት ጨምሩበት። ጠቅላላው እርግዝና 1000 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይጠይቃል። አንድ ግራም ማለት ነው፤ የአንዲት የወረቀት ክሊፕ ክብደት።

ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ በሩ ጠባብ መሆኑ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከምግቡ ወደ ደሙ የሚያስገባው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ የምንኖረው ሰውነታችን ብረትን እንደ ቆራሌው አሮጌውን እየሰበሰበ መልሶ ስለሚጠቀም ነው። አንድ ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲያረጅ ብረቱ ተለቅሞ ወደ መቅኔ ይላካል። ነፍሰ ጡር ግን ለሁለት የምትሠራ ስለሆነች የተሰበሰበው አይበቃትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባ ስለቆመ በቀን ከ1 ሚሊ ግራም ያነሰ ሊበቃት ይችላል፤ ወደ መጨረሻው ግን ፍላጎቷ በቀን ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳል።

ልዩነቱን የሚሞላው ጉበትና መቅኔ ውስጥ የተጠራቀመ ክምችት ነው። የብዙ ሴቶች ክምችት ግን ከ300 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ልጆቿን አቀራርባ የወለደች፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ወይም ገና ራሷ እያደገች ያለች ልጅ ከሆነች ደግሞ ጭራሽ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ክፉው ነገር፣ ክምችቱ እየተመናመነ ሳለ ሄሞግሎቢን ወዲያው አይወርድም። መኪና ላይ የነዳጅ መብራት የሚበራው ታንኩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሄሞግሎቢንም እንደዚያው ዘግይቶ የሚናገር መለኪያ ነው። «ምንም አልሆንኩም» ማለት የሚቻለውም ለዚህ ነው። ድካም፣ ደረጃ ሲወጡ ቶሎ ማለክለክ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማዞር ቀስ ብለው ስለሚመጡ «እርግዝና አይደል፣ ያደክማል» ተብለው ይታለፋሉ። አንድ ምልክት ግን ላስታውሳችሁ። ነፍሰ ጡር አምሮት ያምራታል፣ ያም ወግ ነው። አፈር፣ ኖራ ወይም በረዶ ደጋግሞ ካማራት ግን የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላልና ለጤና ባለሙያ ይነገር።

ከታንኩ የሚያፈስስም አለ። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል አንዱ በቀን የሚያፈሰው ደም አንድ ጠብታ አይሞላም፤ 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። መቶ ትል ሲሆን ግን 3 ሚሊ ሊትር ደም፣ ማለትም ወደ 1 ሚሊ ግራም ብረት በየቀኑ ይሄዳል። ከምግብ የምታገኘው ያህል ሄደ ማለት ነው! ይህ ትል በባዶ እግር በኩል ከአፈር ስለሚገባ ጫማም ከመከላከያው ይቆጠራል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በባለሙያ ይሰጣል። ወባ በበኩሉ ቀይ ሕዋሳቱን ራሳቸውን ያፈርሳል፤ በቆላማ አካባቢ ያለች ነፍሰ ጡር አጎበር ሥር ማደሯ ለራሷም ለፅንሱም ነው።

ጤፍ እየበላን?

«እኛ እኮ ጤፍ በላዎች ነን፣ ብረት አያጥረንም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ጤፍ ሲመረመር በእርግጥም ብዙ ብረት ይገኝበታል። ግን ጤፍ የሚወቃው የት ነው? አውድማ ላይ፣ በበሬ እግር ሥር። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ቀይ አፈሩ ይጣበቅበታል፤ ተመራማሪዎች ጤፉን በጥንቃቄ ሲያጸዱት ከብረቱ ብዙው ከአፈሩ የመጣ ሆኖ አግኝተውታል። የአፈር ብረት እንደ ዝገት ነው፤ አንጀት ብዙም አይቀበለው። የእህሉ የራሱ ብረትም ቢሆን ፋይቴት ከሚባል ውሕድ ጋር ተሳስሮ ይኖራል። እዚህ ላይ ግን እርሾ ውለታ ይሠራል፤ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ቂጣና በደንብ የቦካ እንጀራ በዚህ እኩል አይደሉም።

ሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ከሽሮና ከምስር ብረት በጣም በተሻለ ይገባል። (ክትፎ ወዳጆች አትቀየሙኝ፤ በእርግዝና ጊዜ ጥሬ ሥጋ ፅንስን የሚጎዳ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል ይብሰል።) በጾም ጊዜ ወይም ሥጋ በሚወደድበት ቤት ደግሞ የሎሚና የብርቱካን፣ የቲማቲምና የቃሪያ ቫይታሚን ሲ አለ፤ አብሮ ከተበላ የእህልና የቅጠላ ቅጠሉን ብረት በቀላሉ ወደሚገባ መልክ ይቀይረዋል። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ ርካሽ ኬሚስትሪ ነው።

ቀይ ሥርስ? ቀለሙ ቤታላይን ከሚባል ነገር የመጣ ነው፤ ከብረት ጋር አይገናኝም። ፎሌት ስላለው ጥሩ ምግብ ነው፤ በብረት በኩል ግን ያለው ትንሽ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት ደስ አላላትም።

ከሁሉ የገረመኝ የቡና ነገር ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ሥጋ ካለበት ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ ወደ ሰውነት የሚገባው ብረት በ39 ከመቶ ቀነሰ፤ ሻይ ሲሆን ደግሞ በ64 ከመቶ። ይህ ብዙም አይደንቅም፣ ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖሎች ብረትን ጠፍረው ይይዛሉ። የሚደንቀው ሰዓቱ ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ፤ ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ነዋ! እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው መቼ ነው? ከምሳ በኋላ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን። ቡና ይቅር ማለቴ አይደለም። እኛ ቤት የተደረገው ቡናውን ከምሳ በፊት ማፍላት ነው፤ ጎረቤቶች መጀመሪያ ሳቁ፣ አሁን ለምደውታል።

ያ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ኪኒን

ምግብ ብቻውን በቀን 6 ሚሊ ግራም ለማስገባት ይከብደዋል። የአይረን ኪኒን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው። (ፎሊክ አሲዱ ሌላም ሥራ አለው። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው፤ ስለዚህ ልጅ የምታስብ ሴት ከማርገዟ በፊት ብትጀምረው ይሻላል።)

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከነፍሰ ጡሮች 29 ከመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። እዚያው ላይ ያለ ሌላ ቁጥር ግን ይበልጥ አስገረመኝ። ከዳሰሳው በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከወለዱት እናቶች 42 ከመቶ ያህሉ በመጨረሻው እርግዝናቸው ኪኒኑን ወስደዋል፤ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 ከመቶ ብቻ ናቸው። እህቴ ብቻዋን አልነበረችም።

ለምን ይቋረጣል? ማቅለሽለሽ፣ ቃር፣ የሆድ ድርቀት አለ። ዓይነ ምድር ይጠቁራል፤ ይህ ያልገባው ብረት ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ሳይነገራት ለምታየው ሴት ግን ያስደነግጣል። «ልጁን አወፍሮ ምጥ ያከብዳል» የሚል ወሬም አለ፤ ኪኒኑ እንደዚያ አያደርግም። እውነቱን ለመናገር የሚያቅለሸልሽን ነገር በየቀኑ ዋጪ ብሎ መስጠትና ለምን እንደሆነ ሳያስረዱ መላክ ጥሩ ንድፍ አይደለም። እኔ የሠራሁት ማሽን እንዲህ ቢሆን አማካሪዬ ይመልስልኝ ነበር።

የሚያግዙ ነገሮች አሉ። ባዶ ሆድ ላይ በተሻለ ይገባል፤ ካቅለሸለሸ ግን ከትንሽ ምግብ ጋር ወይም ማታ ልትተኛ ስትል መዋጥ ካለመዋጥ እጅግ ይሻላል። በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ እንጂ በሻይ ወይም በወተት አይሁን። የካልሲየም ኪኒን ካለም ሰዓቱ ይለያይ።

«ትናንት ረሳሁ፣ ዛሬ ሁለት ልዋጥ» የሚለውስ? ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ የአንጀትን በር የሚጠብቅ ዘበኛ በሉት። ብዙ ብረት ድንገት ሲመጣ ዘበኛው በሩን ይዘጋል። የዙሪክ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 60 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከተወሰደ በኋላ ሄፕሲዲን ለ24 ሰዓት ያህል ከፍ ብሎ ቆየ፤ በማግሥቱ ከሚወሰደው የሚገባውም ቀነሰ። የተጠኑት ያላረገዙ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በእርግዝና ደግሞ ሰውነት ራሱ ሄፕሲዲኑን ዝቅ አድርጎ በሩን ይከፍታል። ስለዚህ በራስ ውሳኔ ቀን መዝለል ከዚህ አይወጣም፤ ለነፍሰ ጡር የሚመከረው በየቀኑ ነው። ሁለት በአንዴ መዋጥ ግን ብዙም እንደማይጠቅም ያሳያል። ደም ማነሱ በምርመራ ከተረጋገጠ መጠኑ ሊጨመር ይችላል፤ ውሳኔው የባለሙያ ነው። ጭራሽ የማትችለው ከሆነም ትንገራቸው፤ ደም ማነስ ለሌለባት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ አማራጭ አለ፤ ኪኒን አልሠራ ላላት በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ቀዩ ኪኒን ከረሜላ ይመስላል። ትንሽ ልጅ ብዙ ፍሬ ቢውጥ ለሕይወቱ ያሰጋል፤ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

አዲስ አበባ ላይ 11.5፣ ሰመራ ላይ 11.5

መለኪያ የሚወድ ሰው ይህን ይወደዋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ስለዚህ ወሰኑም ከቦታው ጋር ይነሣል። በ2024ቱ መመሪያ ከ2000 እስከ 2499 ሜትር ድረስ 1.4 ይጨመራል። ዘጠነኛ ወሯ ላይ ያለች ሴት ሄሞግሎቢኗ 11.5 ቢሆን፣ ከባሕር ጠለል ከ500 ሜትር በታች ባለችው ሰመራ ደህና ናት፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ወሰኑ 12.4 ስለሚሆን ደም ማነስ አለባት።

ነገሩ በዚህ አያልቅም። ሲንቲያ ቤል የተባሉ አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አገኙት፤ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ግን በዚያ ከፍታ በጣም ይጨምራሉ። ታዲያ አንድ የማስተካከያ ሠንጠረዥ ለሁሉም ደገኛ ይሠራል ወይ? ከእናንተ አንዳችሁ ብታጠኑት ደስ ይለኛል። እስከዚያው ነፍሰ ጡሯ መጠየቅ ያለባት ቀላል ነው፦ «ቁጥሬ ስንት ነው? ከፍታው ታስቦ ነው ወይ?»

በወሊድ ዕለት

ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚፈተነው በአንድ ቀን ነው። በወሊድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ደም ቢፈስ፣ በቂ ሄሞግሎቢን ይዛ የገባች እናት ብዙውን ጊዜ ትቋቋመዋለች። 7 ይዛ የገባች ግን መጠባበቂያ የላትም፤ ያው ግማሽ ሊትር ወደ አደጋ ሊገፋት ይችላል። ከ7 በታች ከባድ ደም ማነስ ስለሚባል ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው፤ ደም መውሰድም ሊያስፈልግ ይችላል። በማንኛውም ጊዜ ተቀምጣም የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ወይም ደም መፍሰስ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ከወለደች በኋላም ኪኒኑ ወዲያው አይቆምም፤ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ከ6 እስከ 12 ሳምንት እንዲቀጥል ይመከራል። እህቴ እሽጉን ከመሳቢያው አውጥታ አልጋዋ አጠገብ ካለው የስልኳ ቻርጀር ጋር አስቀመጠችው፤ ማታ ስልኳን ስትሰካ ትውጣለች። ልትወልድ ስትል ሄሞግሎቢኗ 12.6 ደርሶ ነበር። አዋላጇም ሕፃኑ እንደተወለደ እትብቱን ወዲያው አልቆረጠችም፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ጠበቀች። በዚያች ደቂቃ ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው ደም፣ ሌላ ምግብ እስኪጀምር ላሉት ወራት የሚሆነውን ብረት ይጨምርለታል።